ከድንበሩ በፊት መንገዱን ይሳሉ

ጥያቄ፦ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው 300 ኮከቦች ባሉበት የጋላክሲ ክፍል ውስጥ ነው። ቦታው በርዝመትም፣ በወርድም፣ በከፍታም 100 የብርሃን ዓመት ነው። አምስት ተቀናቃኝ ኃያላን አሉበት። ለጊዜው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሐምራዊ ብያቸዋለሁ። መንኮራኩሮቻቸው በአንድ ዝላይ 10 የብርሃን ዓመት ይሄዳሉ። በየዋና ከተማቸው ዙሪያ ክብ ሳልኩላቸው። ክቦቹ ተደራረቡና ማን የቱን እንደሚገዛ ለራሴም ጠፋኝ። ግዛታቸውን ካርታ ላይ እንዴት ላውጣው?

መልስ፦ ሥራዬ ካርታ ነው። ለልብ ወለድ ዓለም የሚሠራ ካርታ ሲመጣ ግን ሌላውን ሁሉ አስቀምጬ እሱን ነው የምይዘው። እዚያ ካርታው ራሱ ታሪኩን ይሠራዋላ!

ክቦቹ የተደራረቡት ትልቅ ስለሆኑ ይመስልዎ ይሆናል። ቢያሳንሷቸው ደግሞ መሃል ላይ ማንም የማይገዛው ቦታ ይተርፋል። ጣጣው ያለው ክቡ ላይ ነው። ክብ ስንስል ሳይታወቀን አንድ ነገር አምነን እንነሳለን፤ ኃይል ከዋና ከተማ ተነስቶ በየአቅጣጫው እኩል ይዘረጋል ብለን። መሬት ላይ እንኳ ይህ እምብዛም አይሆንም። ሕዋ ላይማ ጭራሽ። መንኮራኩር የሚሄደው የሚያርፍበት ኮከብ ወዳለበት ነው። በኮከብና በኮከብ መካከል ያለው ባዶ ነው። ሰው አይኖርበትም፣ ግብር አይሰበሰብበትም፣ ወታደር አይቆምበትም።

ስለዚህ ድንበሩን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ መንገዱን እናውጣ።

ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት ቁጥሮች አሉ። እነሱን ሳይ እርሳስ አነሳሁ። 100 በ100 በ100 ሲባዛ አንድ ሚሊዮን ኪዩቢክ የብርሃን ዓመት ይሆናል። ለ300 ኮከብ ሲካፈል ለአንዱ 3,333 ገደማ ይደርሰዋል። ራዲየሱ 10 የብርሃን ዓመት የሆነ ሉል ደግሞ ይዘቱ 4,189 ነው። ስለዚህ አንድ መንኮራኩር ከቆመበት ኮከብ ተነስቶ በአንድ ዝላይ የሚደርስበት ሌላ ኮከብ በአማካይ 1.26 ብቻ ነው።

ይህች ቁጥር ትንሽ ትመስላለች እንጂ የታሪክዎን ዕጣ የምትወስነው እሷ ናት። በአንድ ዝላይ የሚደረስበትን ኮከብ ጎረቤት እንበለው። ኮከቦቹም በዘፈቀደ የተበተኑ ናቸው እንበል። የአማካይ ጎረቤት ቁጥር 2.7 ገደማ እስኪደርስ መንገዶቹ አይያያዙም። እዚህ አምስት ኮከብ፣ እዚያ ስምንት ኮከብ እየሆኑ ደሴት ሆነው ይቀራሉ። ከ2.7 ሲያልፍ ግን ነገሩ በአንዴ ይለወጣል። ደሴቶቹ እርስ በርስ ይጠላለፉና ከዳር እስከ ዳር የሚያስኬድ አንድ ትልቅ መረብ ይወጣል። የሂሳብ ሰዎች በደንብ ያጠኑት ነገር ነው፤ ውኃ በድንጋይ ቀዳዳ መስረጉንም፣ በሽታ ከሰው ወደ ሰው መዛመቱንም ለማስላት ያገለግላቸዋል።

በእርስዎ ጋላክሲ ይህ ደፍ የሚገኘው 13 የብርሃን ዓመት ገደማ ላይ ነው። ዝላዩ 10 ላይ ከቆመ አምስቱ ኃያላን አይገናኙም። ጦርነቱም አይነሳም፣ ንግዱም የለም። እርስዎ ክብ ሲስሉ የተደራረበው ግዛት በእውነቱ አንዱ ሌላውን አይቶት የማያውቅ ነው።

ዝላዩን 20 ቢያደርጉትስ? እያንዳንዱ ኮከብ በአማካይ 10 ጎረቤት ያገኛል። ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኛል። አንዱ መንገድ ቢዘጋ በሌላው መዞር ነው። እንዲህ ሲሆን ምሽግ ትርጉም የለውም፤ ማንም ማንንም ማገድ አይችልም።

እኔ ብሆን 15 አደርገዋለሁ። የአማካይ ጎረቤቱ 4.2 ይሆናል። መረቡ ይያያዛል፣ ግን ይሳሳል። ብዙ ኮከቦች ያሉባቸው ሰፈሮች ይፈጠራሉ፤ ሰፈርን ከሰፈር የሚያገናኘው ደግሞ አንዳንዴ አንድ ኮከብ ብቻ ይሆናል። ዳር ላይ ያሉት ጎረቤት ስለሚያንሳቸው አንዳንዶቹ ተነጥለው ይቀራሉ። ይቅሩ። ሽፍታና ስደተኛ የሚደበቀው እዚያ ነው።

በነገራችን ላይ የኮከቦቹ ብዛት እንዳያሳስብዎ። በእኛ ፀሐይ ሰፈር ጥግግቱ በአንድ ኪዩቢክ የብርሃን ዓመት 0.004 ኮከብ ገደማ ነው። በእርስዎ ቦታ ልክ ሲሰላ 4,000 ኮከብ ይመጣል። የእርስዎ 300ዎቹ ሰው የሚሰፍርባቸው ናቸው፣ የቀሩት በአብዛኛው ማንም የማይጠጋቸው ደብዛዛ ቀይ ድንክ ኮከቦች ናቸው ቢሉ ያስኬዳል። በእኛም ሰፈር ከአራት ኮከብ ሦስቱ ገደማ ቀይ ድንክ ናቸው።

አሁን ወደ ተግባሩ። ለእያንዳንዱ ኮከብ ሦስት ቁጥር ይስጡት፦ ስንት ወደ ቀኝ፣ ስንት ወደ ፊት፣ ስንት ወደ ላይ። ኤክሴል ላይ በሦስት ዓምድ ይቀመጣል። ከዚያ የሁሉንም ጥንድ ርቀት ማስላት ነው። 300 ኮከብ 44,850 ጥንድ ያወጣል። በእጅ የሚሞከር አይደለም፤ ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ትንሽ የሚሞካክር ጓደኛ ካለዎት ግን ኮምፒውተሩ በአፍታ ይጨርሰዋል። ከ15 የሚያንሰውን ጥንድ በመስመር ያገናኙ። ያ መስመር ሁሉ መንገድ ነው።

መረቡ ሲወጣ አትመው ጠረጴዛ ላይ ያንጥፉት። ከዚያ አንድ ኮከብ በጣትዎ ይሸፍኑ። መረቡ እንዳለ ነው ወይስ ለሁለት ተከፈለ? ካልተከፈለ ወደሚቀጥለው ይለፉ። እንዲህ እያሉ ሲሄዱ የሆነች ኮከብ ላይ ጣትዎን ሲያሳርፉ ካርታው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ያቺን ክበቧት። ማነቆዋ እሷ ናት። ፕላኔቷ ጠፍ ብትሆን፣ ውኃ ባይኖራት፣ ማንም ሊኖርባት ባይፈልግ እንኳ ኃያላኑ የሚሞቱላት ቦታ እሷ ናት። ትልቁ ምሽግ፣ ጉምሩኩ፣ ሰላዩ፣ ጉቦው እዚያ ይሆናል። እንዲህ ያለች ኮከብ ፈልጌ ሳገኝ ግማሹ ልብ ወለድ የተጻፈ ያህል ይሰማኛል።

ይህ ዝም ብሎ ምናብ አይደለም። ፖርቱጋሎች በ16ኛው መቶ ዓመት የሕንድ ውቅያኖስን ንግድ ለመቆጣጠር ሲነሱ ውቅያኖሱን በሙሉ መያዝ አይችሉም ነበር። የመርከባቸው ቁጥር አይበቃም። ስለዚህ ማነቆዎቹን ያዙ። ጎዋን በ1510፣ ማላካን በ1511፣ ሆርሙዝን በ1515። ከዚያ ነጋዴውን የይለፍ ወረቀት ካልያዝክ አታልፍም አሉት። ይህን ግዛት በቀለም ልሙላ ብለው ቢነሱ ምኑን ይሞላሉ? ያለው ነጥብና መስመር ነው። የኮከብ ግዛትም ከየብስ መንግሥት ይልቅ የሚመስለው ይህን ነው።

ኮከቦቹን ለኃያላኑ የማከፋፈሉ ነገር ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። ከአምስቱም ዋና ከተሞች በአንድ ጊዜ ይነሱ። በአንድ ዝላይ የሚደረስባቸውን ይቀቡ፣ በሁለተኛው ዝላይ የሚደረስባቸውን፣ በሦስተኛው፣ እንዲህ እያሉ። ቀድሞ የደረሰ ይወስዳል። ሁለት ኃያላን እኩል ዝላይ ላይ የደረሱባትን ኮከብ ለማንም አይስጡ። የይገባኛል ጥያቄ የሚነሳባት እሷ ናት።

ከዚህ ቀደም ያዩ ከሆነ፣ ብዙ ሰው ለዚህ ሥራ የቮሮኖይ ንድፍ የሚባለውን ይጠቀማል። ስሙ በ1908 ስለ ጉዳዩ ባሳተመው በሂሳብ ሊቁ በጆርጂ ቮሮኖይ ነው የሚጠራው። እያንዳንዱን ቦታ በጣም ለሚቀርበው ማዕከል ይሰጣል። ያምራል፣ ፈጣን ነው። ግን ሁሉም ኃያላን እኩል ፍጥነት አላቸው ብሎ ያስባል፤ መንገድ የሚባል ነገርም አያውቅም።

ፍጥነት ሲለያይ የሚፈጠረውን ነገር በተለይ ላሳይዎት እፈልጋለሁ፤ ሲያዩት ያስገርማል። የቀይና የሰማያዊ ዋና ከተሞች በ30 የብርሃን ዓመት ይራራቃሉ እንበል። ቀይ በሰማያዊ እጥፍ ይፈጥናል። ለአፍታ መንገዱን እንርሳና በቀጥታ ይብረሩ። በሁለቱ መካከል እኩል የሚደርሱበት ነጥብ ከቀይ 20፣ ከሰማያዊ 10 ላይ ነው። ይህ የሚጠበቅ ነው። ከሰማያዊ ጀርባስ? ሰማያዊ ወደ ኋላው ስንት ይሄዳል? 30 ብቻ። እዚያ ላይ ቀይ 60 ተጉዞ በተመሳሳይ ሰዓት ይደርስበታል። ከዚያ ያለፈው ሁሉ የቀይ ነው። ስለዚህ ዘገምተኛው ኃይል በፈጣኑ ውስጥ የታሰረ ሉል ይሆናል። የሉሉ ስፋት 40 ነው፤ ዋና ከተማውም መሃሉ ላይ የለም። ወደ ጠላቱ 10 ብቻ ቀርቶት ዳር ተገፍቷል። አፖሎኒዮስ የተባለው የግሪክ የሂሳብ ሊቅ ይህን ቅርጽ ከ2,200 ዓመት ገደማ በፊት አጥንቶታል። ድንበር ሁልጊዜ በሁለት አገር መካከል የሚሰመር መስመር ነው ብለን ስለለመድን ነው የሚያስገርመን። የሰማያዊን ሕዝብ ፍርሃት መጻፍ ከፈለጉ ከዚህ ቅርጽ ይጀምሩ። በየትኛውም አቅጣጫ ቢወጣ የሚያገኘው ቀይን ነው።

ወረቀቱ ላይ የሚመጣ ሌላ ፈተና አለ። ቦታዎ ባለ ሦስት አውታር ነው፣ ወረቀት ሁለት ነው ያለው። ኮከብ ሀ 10፣ 4፣ 2 ላይ ናት እንበል። ኮከብ ለ ደግሞ 13፣ 4፣ 30 ላይ። ከላይ ሲታዩ በመካከላቸው ያለው 3 የብርሃን ዓመት ብቻ ነው። አንባቢ ጎረቤት ናቸው ይላል። ከፍታው ሲገባ ግን ርቀቱ 28 ነው፤ በአንድ ዝላይ አይደረስም። ይህን ለራሴ ለማስረዳት አንድ ጊዜ ካርቶን ሣጥን ወስጄ ዶቃዎችን በክር አንጠልጥዬበት ነበር። የእጅ ባትሪ አብርቼ ጥላውን ግድግዳ ላይ አየሁት። በሣጥኑ ውስጥ ዳርና ዳር ያሉ ሁለት ዶቃዎች ጥላቸው አንድ ላይ አረፈ። ወረቀት ላይ የምናየው ያንን ጥላ ነው። ጊዜ ካለዎት ይሞክሩት፤ ሃያ ዶቃ ይበቃል።

ጉዳዩ የስዕል ብቻ አይደለም፣ ፖለቲካውንም ይነካል። አንድ ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በዙሪያው እኩል ሳንቲሞች ቢያስነኩ የሚበቃው 6 ነው። አንድ ኳስ ግን በ12 እኩል ኳሶች ይነካል። ጠፍጣፋ ዓለም ላይ አንድ መንግሥት የሚጠብቃቸው ጎረቤቶች ጥቂት ናቸው፤ በሕዋ ውስጥ እጥፍ ይሆናሉ። ሌላም አለ። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የተያያዙ ግዛቶች ስንትም ቢሆኑ፣ ድንበርተኞች አንድ ቀለም እንዳይጋሩ አራት ቀለም ይበቃል። ይህን የሂሳብ ሊቆቹ ኬኔት አፔልና ቮልፍጋንግ ሃከን በ1976 በኮምፒውተር እገዛ አረጋግጠዋል። በሦስት አውታር ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። የፈለጉትን ያህል ኃያላን፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር ድንበርተኛ ሊሆኑ ይችላሉ። የእርስዎ አምስቱም።

ታሪክዎ መላውን ጋላክሲ የሚሸፍን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልነግርዎትም ነበር። የእኛ ጋላክሲ ዲስክ ስፋቱ 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ሲሆን አብዛኛው ኮከብ ያለበት ውፍረት ግን 1,000 ገደማ ነው። በሺዎች የሚቆጠር የብርሃን ዓመት የሚዘረጋ ግዛት እዚያ ላይ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲሳል አይዋሽም። 100 የብርሃን ዓመት ግን ከውፍረቱም ያነሰ ነው። የእርስዎ ዓለም ቂጣው ውስጥ ያለች ፍርፋሪ ናት።

ለስዕሉ የምመርጠው መንገድ የምድር ውስጥ ባቡር ካርታን ነው። ሃሪ ቤክ የለንደኑን ሠርቶ በ1933 ሲታተም እውነተኛውን ርቀትና አቅጣጫ ትቶት ነበር። ተሳፋሪው የሚፈልገው ከየት ወደ የት እንደሚያልፍ ማወቅ ነው። የመንኮራኩር አዛዥም እንዲሁ። ኮከቦቹን አለያይተው ያስቀምጡ፣ መንገዶቹን በቀጥታ መስመር ያስምሩ፣ በየመስመሩ ላይ እውነተኛውን ርቀት በቁጥር ይጻፉ። ከፍታ የግድ ካስፈለገ ከኮከቡ ጎን በትንሹ ቁጥሩን ማስፈር ይበቃል።

ቀለሙን በባዶው ላይ አያፍስሱት። ኮከቡን በቀለሙ ይቅቡ፣ ዙሪያውን ስስ ጥላ ይስጡት፣ ባለቤቱ የሚጠብቀውን መንገድ አወፍሩት። በእውነት የሚገዛውን ሙሉ ቀለም፣ ግብር ብቻ የሚሰበስብበትን ፈዘዝ ያለ፣ የእኔ ነው የሚለውን ግን ያልረገጠውን ጠርዙን ብቻ ያድርጉት። የሚያጣላው ኮከብ ላይ የሁለቱን ቀለም በሰያፍ መስመር ያፈራርቁ። ቀይና አረንጓዴን ጎን ለጎን ባያደርጓቸው ደስ ይለኛል። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ እነዚህን ሁለት ቀለሞች መለየት ይቸግረዋል። ጽሑፉ ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም። ስለዚህ የኃያላኑን ስም ከኮከቦቹ ስም በመጠን፣ በውፍረትና ፊደሎቹን በማራራቅ ነው የምንለየው። የኮከብ ስም በጣም ሲያንስ ደግሞ እንደ ጨ እና ጩ ያሉት ይደፈናሉ። አትመው ሳያዩ አይወስኑ።

ካርታው ላይ ዓመት ይጻፉ። የኮከቦቹ መንቀሳቀስ አያስጨንቅዎት፤ በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ኮከብ አንድ የብርሃን ዓመት ለመሄድ 15,000 ዓመት ይፈጅበታል። የሚለወጠው ባለቤቱ ነው። ወሬ ከመንኮራኩር የማይፈጥን ከሆነ ደግሞ ዋና ከተማ ያለው ካርታ ሁልጊዜ ያረጀ ነው። ማነቆዋ ተይዛ ሳለ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ ገና በራሱ ቀለም ትታያለች።

በመጨረሻ፣ ካርታው የማን ነው? በ1494 ስፔንና ፖርቱጋል ከኬፕ ቨርዴ ደሴቶች በስተምዕራብ 370 ሊግ (የዚያ ዘመን የርቀት መለኪያ) ርቀት ላይ መስመር አስምረው ዓለምን ለሁለት ተካፈሉ። መስመሩ ወረቀት ላይ አለ፤ ባሕር ላይ ግን ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኝ መርከበኛ አልነበረም። ኬንትሮስን፣ ማለትም በምሥራቅና በምዕራብ በኩል ያሉበትን ቦታ፣ ባሕር ላይ በትክክል መለካት የተቻለው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ሁለቱም መስመሩን እንደሚጠቅማቸው አድርገው ይስሉት ነበር። ስለዚህ የእርስዎን ካርታ አንድ ጊዜ ለራስዎ በእውነቱ ልክ ይሥሩትና ደብቀው ይያዙት። ለአንባቢ የሚሰጡት ከኃያላኑ አንዱ ያሳተመውን ይሁን። ቀይ በሚያወጣው ላይ ማነቆዋ ቀይ ናት። ሰማያዊ በሚያወጣው ላይ ሰማያዊ። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ራሳቸው የሚሠሩት ካርታ ካለ ደግሞ፣ ስሟም ቀለሟም ከሁለቱም ይለያል።